የዞጲው ስንጥቅ

ኢሸቤል ወንድሟን ቶርኪልን የጠላችው ከእናቷ ማህፀን ጀምሮ ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። አጥር ለአጥር ተጎራብተን ስላደግን አውቃለሁ፤ በልጅነታቸው በአንድ ሳህን የሚበሉ ልጆች ነበሩ። ጠቡ የገባው አባታቸው ኢዋን በሞተበት ሳምንት ነው።

ኢዋን በዩስት ደሴት አሉ ከሚባሉት የአቁማዳ ዋሽንት ነፊዎች አንዱ ነበር። ዋሽንቱ ከአያቱ የወረደ ነው፤ በትንፋሽ የሚሞላ የቆዳ አቁማዳ፣ ዜማውን በጣት የሚያወጡበት አንድ ዋሽንት፣ ትከሻ ላይ የሚጋደሙት ሦስት ቱቦዎች ከጥቁር ዞጲ እንጨት የተሠሩ፣ ጫፋቸው በዝሆን ጥርስ የተለበጠ። ሁለቱንም ልጆቹን አስተማረ። ጣቱ የኢሸቤል ነበር። ቶርኪል ሳንባ ነበረው፤ ጆሮ ግን አልታደለም። ሆኖም በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ አደባባይ ወጥታ ልትንፋ ብትል ማን ይሰማታል? ሽማግሌው ሊሞት ሲል፣ "ዋሽንቱ ለቶርኪል ይሁን፤ እንጨቱን መንከባከብ ግን የኢሸቤል ነው" ብሎ ተናዘዘ። ሁለቱንም ማስደሰቱ ነበር።

"አባባ ላሚቱን ለእኔ፣ ገመዷን ለአንቺ ሰጠ" ይላት ነበር ቶርኪል፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ።

"ላሚቱን የሚመራው ገመዱን የያዘ ነው" ትለዋለች እሷም።

ባሏ የሞተባት ኢሸቤል በየወሩ ከባሕሩ ዳር ቤቷ ተነስታ ወደ አባቷ ቤት ትወጣ ነበር። መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጡትን ትንንሽ መቃዎች ትነቅላለች፤ ዘይት ከነካቸው አለቀላቸው። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ትፈታታለች። ከዚያ የዝይ ላባ የአልሞንድ ዘይት አስነክታ በውስጣቸው ታሳልፋለች፤ ስስ አድርጋ፣ እንጨቱ እንዲወዛ ብቻ። በማግስቱ ተመልሳ የተረፈውን በሱፍ ጨርቅ ትወለውላለች። ቶርኪል ምድጃው ፊት እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ልታልፍ ስትል አንድም ቀን እግሩን ሰብስቦላት አያውቅም።

"አፍስሺበት እንጂ። የዓይን መድኃኒት ነው እንዴ የምታንጠባጥቢው?"

"እንጨት እንዳንተ አይደለም፤ ሲበቃው ይበቃዋል።"

"አባባ ተልባ ዘይት ነበር የሚቀባው።"

"የከብቶቹን በረት በር ነዋ። ተልባ ዋሽንት ውስጥ ከገባ እንደ ሙጫ ነው የሚደርቀው።"

"አባባን ከእኔ በላይ ልታውቂው ነው?"

"እሱም ከአንተ በላይ ያውቀኝ ነበር። ለዚህ ነው አደራውን የሰጠኝ።"

እንዲህ እየተነካከሱ ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ በጋ፣ የደሴቱ ሰው ለውድድር በሚሰበሰብበት ቀን፣ ቶርኪል ነፍቶ ተሸነፈ። ዳኛው፣ "ትልቁ ቱቦ ታፍኗል፤ ትንፋሽም አልተመጣጠነም" አለው። ቶርኪል በቀጥታ ወደ መጠጡ ድንኳን ሄደና ቀድቶ እየጠጣ መጮህ ጀመረ።

"እህቴ ናት! በዘይት አስጥማ የገደለችብኝ እሷ ናት። ሆን ብላ ነው!"

ኢሸቤል ከልጇ ከኡና ጋር ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። ረጋ ብላ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ትንፋሽህን ያሳጠረው ዘይት አይደለም። ምን እንደሆነ በእጅህ ይዘኸዋል" አለችው።

ሰው ሳቀ። እሱን ከሽንፈቱ ይልቅ ሳቁ አበገነው።

"ከዛሬ በኋላ ደጄን ብትረግጪ ውሻ ነው የምለቅብሽ!"

"ልቀቀው። ያንተ ውሻ እኔን ነው የሚወደኝ።"

ከዚያ ወዲህ አልሄደችም። ክረምቱን ቶርኪል ዋሽንቱን ራሱ ተልባ ዘይት አጠጣው፤ እንዲደርቅለትም ከምድጃው በላይ ምስማር ላይ ሰቀለው። አንድ ቀን ገብቼ አየሁና፣ "ቶርኪል፣ እሳት ላይ እንጨት ይሰቀላል?" አልኩት።

"አንተ ደግሞ የሷ ሰላይ ሆንክ?" አለኝ። ትቼው ወጣሁ።

ከፋሲካ በኋላ ኡና ተዳረች። ለእህቱ ልጅ ሰርግ አጎት እንዲነፋ ወግ ነው። ኢሸቤል አልዋጥላት ብሎ ነበር።

"ያ ሰው በልጄ ሰርግ ላይ?"

"እማ፣ አጎቴ ካልነፋ አገሩ ምን ይላል?" አለቻት ኡና።

ቶርኪል ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ኩሩ ሆኖ መጣ። አዳራሹ መሃል ቆሞ አቁማዳውን ሞላ። ትልቁ ቱቦ አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ አፏጨ፤ ከዚያ ዝም አለ። አቁማዳውን በክንዱ መታ። እንደገና ነፋ። ነፋስ ብቻ። ሙሽራዋ ቀና ብላ እያየችው፣ እሱ ወደ ኢሸቤል ዞሮ፣ "ይኸው፣ እርግማንሽ ሠራልሽ!" አላት።

ኢሸቤል የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ሄደችና እጇን ዘረጋች። አልሰጣትም።

"አጎቴ፣ ስጣት" አለች ኡና።

ዋሽንቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው፤ ብርጭቆዎች ተገለበጡ። ኢሸቤል ቁጭ ብላ ፈታችው። የትልቁ ቱቦ የታችኛው ክፍል ለመዳፍ ያህል ተሰንጥቋል። ጣቷን ውስጡ ከትታ ስታወጣ ቢጫ ሙጫ ተለጥፎበታል። ተነስታ ወንድሟ ፊት ቆመችና ጣቷን በነጩ ሸሚዙ ደረት ላይ ጠረገችው።

ከዚያ የጠርሙስ ቡሽ አንስታ የትልቁን ቱቦ ቀዳዳ ደፈነች፤ የቀሩትን ሁለቱን ቃኘችና አቁማዳውን በክንዷ ታቅፋ ነፋች። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። ቀስ በቀስ የእግራቸው ጫፍ ወለሉን መምታት ጀመረ። ሙሽሮቹ ለጭፈራ ሲነሱ ቶርኪል ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ።

በማግስቱ ደጇ መጣ። አጥሯን እየጠገንኩላት ነበር።

"የአባቴን ዕቃ መልሺ።"

ገባችና የተሰነጠቀውን ቁራጭ ብቻ ይዛ ወጣች። "ያንተ ድርሻ ይኸው። የሠራኸው እሱን ነው።"

ይመታታል ብዬ መዶሻዬን ጨበጥኩ። አልመታትም። ቁራጩን ተቀብሎ ሄደ፤ ወደ መንገዱ የሚያየው መስኮቱ ላይ አቆመው። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ፣ "እህቴ ዘርፋኝ የተረፈኝ ይኼ ነው" ይል ጀመር። እሷም በጎደለው ፈንታ ከግላስጎ አዲስ አስቀርጻ አስገባች። ከዚያ በኋላ በደሴቱ ሰርግም ሆነ ቀብር ላይ የምትነፋው እሷ ሆነች። ሴት ናት ብሎ ያጉረመረመ ቢኖር፣ ዓይኗን ሲያይ ዝም ይላል።

ወንድምና እህት ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጡም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሱ በቀኝ፣ እሷ በግራ ይቀመጣሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ወደ ቦዩ የሚወርደው እሱ ነው፤ እሷ አትዞርም። አንድ ጊዜ ሰርጉን አንስቼ ይቆጭሽ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ሸሚዙን ማበላሸቴ" አለችኝ። "የአባባ ሸሚዝ ነበር። ሳላስተውል ነው።"

ቶርኪል የመጨረሻ አልጋው ላይ ሲወድቅ ኡና ለምና እናቷን ወሰደቻት። ኢሸቤል እግርጌው ቆመች።

"ልትነፊልኝ መጣሽ?" አላት።

"ላይህ ነው የመጣሁት።"

"እዪኛ እንግዲህ።"

አየችውና ወጣች። የቀብሩ ዕለት ከጎረቤት ደሴት የመጣ ሰው ነፋ። ኢሸቤል ከሰው ኋላ ቆማ ሰማች፤ አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ሄደች።

የአባቷ ቤት በሕግ ለእሷ ደረሰ። እግሯን አላስገባችበትም። ከዋናው ምድር የመጣች አንዲት አስተማሪ ልትከራየው ስትፈልግ፣ ኢሸቤል እኔ ቤት መጥታ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "አንተ አሳያት" አለችኝ፤ ሳትቀመጥ ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሰች።