ለሊንክ ልመና ሽማግሌ ሲላክ

ዛሬ ፍኖተ ሰላም፣ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ሆቴል በር ላይ ቆመው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» አሉ።

የሆቴሉ ባለቤት ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ መስሏቸው ኮታቸውን ቆለፉ።

የመጡት ግን ሊንክ ሊለምኑ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቡሬ ማር ለሚሸጡት አጎቴ ዌብሳይት ሠርቼ፣ «የታወቀ ዌብሳይት ሊንክዎን፣ ማለትም ወደ እርስዎ ገጽ የሚወስደውን አድራሻ፣ ካላስቀመጠ ጎግል ላይ የሚያገኝዎት የለም» አልኳቸው። ዌብሳይቱ ለታወቀው ለዚሁ ሆቴል ስንት ኢሜይል ልኬ መልስ ማጣቴንም ነገርኳቸው። እሳቸውም ሽማግሌ ላኩ።

ባለቤቱ ከት ብለው ሳቁና፣ «ሽማግሌ አሳፍሬ አልመልስም» ብለው ሊንኩን እዚያው በዚያው የሆቴሉ ዌብሳይት ላይ አስለጠፉ።

ደውዬ ሳበስራቸው አጎቴ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ያ ኢሜይል የምትለው መልእክተኛህ፣ ሰው ደጅ መቆም አይችልም እንዴ?»

እናንተስ፣ ኢንተርኔት አቅቶት ሽማግሌ የጨረሰላችሁ ጉዳይ የለም? ብቻዬን አታስቁብኝ።