የመሪጌታ መንጋጋ

ጠጄ በቀየት ከተማ ገበያ ላይ ባና የተባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ስትሸጥ ድምፅዋ እንኳ የማይሰማ ሴት ነበረች። ያን ዓመት ግን በአባቷ በመሪጌታ አትናቴዎስ መንጋጋ ጥርስ የተነሣ ከሰው ሁሉ ተጣላች።

መሪጌታ ስንቱን ደቀ መዝሙር ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲህ ግን የልጆቻቸው ስም እንኳ ይጠፋባቸዋል። መንጋጋቸው ሲበሰብስ ምን እንዳመማቸው መናገር አቃታቸው፤ ጉንጫቸው አብጦ፣ እህል ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። መጀመሪያ በተወሰዱበት ክሊኒክ ጥርሱ እንዲነቀል ጎረምሶች ጨምድደው ያዟቸው። «ሽፍታ! ሽፍታ መጣብኝ!» እያሉ ጮኹ፤ የአንዱን ጣት ነከሱ፤ ጥርሱም ሳይነቀል ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጠጄ ፊታቸውን ልታጥባቸው ስትጠጋ እንኳ በክንዳቸው ይከልሉ ጀመር። ይህን ያየች ዕለት ሁለተኛ በግድ እንዳይያዙ ማለች፤ በሚያስተኛ መርፌ ይነቀልላቸው አለች።

«አሁንስ አበዛሽው» አላት ወንድሟ ምንይሉ፤ «ተይዘው ይነቀልና ይገላገሉ። የሚያስተኛ መርፌ ላረጀ ሰው ሞት ነው።»

«ተጥሎ የሚታሰር የሚኮላሽ ወይፈን ነው። አባቴ ወይፈን አይደሉም!»

ትልቁ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። የጥርስ ሐኪሟ ሲና ልባቸውን አስመርምራ፣ «በደም ሥር ቀለል ያለ የሚያረጋጋ መድኃኒት እንሰጣቸዋለን፤ ትንፋሻቸውን የሚጠብቅ ባለሙያ ከጎናቸው አይለይም። ጭራሽ አደጋ የለውም ግን አልልዎትም። በቀጠሮው ጠዋት ምንም ነገር በአፋቸው እንዳይዞር» አለቻት።

ቀኑ ደርሶ ምንይሉ አባቱን ደግፎ፣ ጠጄም ካርድ አውጥታ ከኋላ ደርሳ ሲገቡ ሲና ጠየቀች፤ «ምንም አልቀመሱም አይደል?»

«ኧረ ምንም! ጠበል ብቻ ነው ያጠጣኋቸው፣ አሁን በር ላይ።»

«ውይ! ጠጥተዋላ!»

«ጠበል ከመቼ ወዲህ ነው ምግብ የሆነው?» ምንይሉ ተቆጣ።

«ሲደነዝዙ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባቸው ውስጥ ሊገባ ይችላል። አሁን አይሆንም።»

ነርሱ ፈለቀ ከኋላ ሆኖ፣ «እኔና ወንድምዎ ጠበቅ አድርገን እንያዛቸዋ፤ የድድ ማደንዘዣው ይበቃል» አለ። ምንይሉም እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ።

ጠጄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከአባቷ ፊት ቆመች።

«እስቲ ንኳቸውና እናያለን!»

«እትዬ፣ ተራው ያልፋል እኮ» አለ ፈለቀ።

«ይለፍ። እኛ አናልፍም። እናንተ ብትዘጉም በሩ ላይ እናድራለን።»

«ምን ዓይነት ደረቅ ናት!» አለች አንዲት ወረፋ ጠባቂ።

«ደረቅ ነኝ» አለች ጠጄ፣ አባቷን አግዳሚው ላይ እያስቀመጠች።

ሲና ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እንግዲያው ከሁሉም በኋላ አስገባቸዋለሁ፤ እስከዚያ ጠበሉ ከሆዳቸው ይወርዳል» አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገቡ። መድኃኒቱ ሲገባ የመሪጌታ ትከሻ ረገበ፤ ከንፈራቸው አንዳች ዜማ ያንጎራጉር ጀመር። «አባባ፣ አፍዎን» አለቻቸው ጠጄ በጆሯቸው። ከፈቱ። የያዛቸው ሰው አልነበረም። ጥርሱ ወጣ።

በመልሱ መንገድ ምንይሉ በአውቶቡሱ መስኮት እያየ አጉረመረመ። «ሌላውም መንጋጋ ተቦርቡሯል ብላለች ሐኪሟ። ያን ጊዜስ?»

«ያን ጊዜም እመጣለሁ» አለችው። «ልትይዛቸው ከሆነ ግን አንተ ቅር።»