የኩልመስክን ነጭ ሽንኩርት ያቆዩልን ወይዘሮ የሺመቤት

ወይዘሮ የሺመቤት አዲስ አበባ ላይ ማረፋቸውን ትናንት በስልክ ሰማሁ። የጋሸና መንገድ ዳግም ስለተዘጋ ለቀብራቸው አልደረስኩም። እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ይህን የምጽፈው እዚሁ ላሊበላ ተቀምጬ ነው።

እኔ ከብት አዳቃይ ነኝ፤ እሳቸው የዕፅዋት ዘር ተመራማሪ ነበሩ። ያገናኘን ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። እኔ የኮርማ ዘር፣ እሳቸው ደግሞ የተክል ለጋ ቡቃያ የምናቆየው በዚያ ብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። ከኩልመስክ ገበሬዎች የሰበሰቡት ነጭ ሽንኩርት ዘር ስለማያፈራ እንደ ገብስ በጎተራ አይቀመጥም። እዚህ ላሊበላ ባለው ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቡቃያውን አቀዝቅዘው ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሲሰናዱ ውጊያው መጣና መንገዱ ተዘጋ። መብራቱም ስልኩም ጠፋ። እሳቸውም እናቴ ቤት ተጠለሉ።

ናይትሮጅን ቢከድኑትም ይተናል። በየጠዋቱ ዘንግ ነክረን እንለካለን፤ በየጠዋቱ ጎድሎ እናገኘዋለን። ናይትሮጅኑን የያዙት ሁለቱም ታንኮቻችን ሊደርቁ ሲቃረቡ አንዱን በሌላው ላይ መገልበጥ ግድ ሆነ። የእኔ ታንክ ግን ለእሳቸው ቡቃያ ቦታ አልነበረውም።

«የእኔን ሽንኩርት መሬት ታቆይልኛለች። ያንተን ኮርማ ማን ያቆይልሃል? በል፣ ያዝልኝና እንገልብጠው» አሉኝ።

የወራት ድካማቸው በዚያች ቀን ቀልጦ ቀረ። የተረፏቸውን ጥቂት የሽንኩርት ራሶች ፈልቅቀው ጓሯችን ውስጥ ተከሉ። ገበያው ባዶ ነበርና የሚበላ ነገር አፈር ውስጥ መቅበራቸውን ጎረቤቱ እንደ እብደት አየው። የእኔም ናይትሮጅን ከሳምንታት በኋላ አለቀ፤ እስከዚያው ግን ጥቂት ላሞች አዳቀልኩበት።

እናቴ በሳል ስትወድቅ መድኃኒት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። አንድ ማለዳ ተደብቄ አንድ ራስ ሽንኩርት ስነቅል ደረሱብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ለእናትህ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አንድ አይበቃትም። ጨምር።»

እናቴ ዳነች። መንገዱ ሲከፈት የቀረውን ሽንኩርት በነጠላቸው ቋጥረው ሄዱ። ከወራት በኋላ ደውለው «ቡቃያዎቹ ታንኩ ውስጥ ገቡልህ እኮ! እንግዲህ ይተኙ» ሲሉኝ ድምፃቸው የሕፃን እናት ድምፅ ነበር።

እትዬ የሺመቤት፣ ከእኛ ጋር ተዘግቶብዎት በከረሙባቸው ወራት አንድ ቀን እንኳ «ቤቴ» ሲሉ አልሰማሁም። ልጅዎ በሕይወት መኖርዎን ሳታውቅ እንደከረመች የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ነው። እኔ ስለ ኮርማዬ ስነግርዎ፣ እርስዎን ማን እንደሚጠብቅዎት አንዴ እንኳ አልጠየቅሁም። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ይረፉ።