የዋርሳው ግኝት

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወንፊቱ» ይሉታል። የኢንተርኔት ማሰሻ (ብራውዘር) ፈታሽ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሌሎች አገኘን ያሉትን ጉድለት ደግሞ ሞክሮ «ተረጋግጧል» ወይም «አልተደገመም» ብሎ የሚፈርመው እሱ ነው፤ ከእሱ በኋላ ማንም አያይም። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ማሰሻውን ይዘጋል፣ የቆየውን ሁሉ ያጠፋል፣ አንድ ገጽ ብቻ ይከፍታል።

ዋርሳውን፣ የሚስቱን ታናሽ እህት፣ ሥራ ያስለመዳት እሱ ነው። እሷ አርባ ገጽ ከፍታ ትውላለች። «ኮምፒውተርሽ የሰርግ ቤት ይመስላል» ይላት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሪፖርቷ ደረሰው። ማሰሻ እያንዳንዱን ገጽ በየክፍሉ ቆልፎ ማኖር አለበት፤ አንዱ የሌላውን ማየት አይችልም። እሷ ግን አንድ ገጽ ጎኑ የተከፈተውን የኢሜይል ገጽ ሲያነብ ይዛዋለች። አለቃቸው «እውነት ከሆነ የአዲሱ ክፍል ኃላፊ እሷ ናት» ብሏል። ያንን ወንበር ወንፊቱ ሁለት ዓመት ጠብቆታል።

«ባጎረስኩ ተነከስኩ» አለ በልቡ። ማንም እንዳልነከሰው ግን ያውቃል።

እንደ ልማዱ ዘጋ፣ አጠፋ፣ የሙከራ ገጿን ብቻውን ከፈተ። ምንም የለም። አሥር ጊዜ ሞከረ፤ ምንም። ደረቱ ቀለል አለው። «አልተደገመም» ብሎ ጻፈ።

ሳይልከው መጣች።

«ጋሼ፣ አየኸው?»

«አይሠራም።»

«ብቻውን ከፍተኸው ነዋ። ሌባ ባዶ ቤት ገብቶ ምን ይሰርቃል?»

«ልታስተምሪኝ ነው?»

«እህቴ ትሙት፣ አይደለም።»

«ሚስቴን አትግደይብኝ።»

ሳቀችና ሄደች። እሱ አልሳቀም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት «አልተደገመም» እንደፈረመ ማሰብ ጀመረ፤ ተወው። ይህንንም ቢልከው የሚጠይቀው የለም። ጣቱ የመላኪያው ቁልፍ ላይ ቆየ።

ከዚያ የራሱን ኢሜይል ከፈተ፤ ሳይዘጋው የእሷን ገጽ ጎኑ ከፈተ። ሚስቱ ጠዋት የጻፈችለት መልእክት እዚያ ባዕድ ገጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ፦ «ስትመጣ ሳሙና እንዳትረሳ።»

የጻፈውን አጠፋና «ተረጋግጧል» አለ። ያገኘው ሰው ስም በሚሞላበት ቦታ ስሟን ፊደል በፊደል አስገባ፤ ላከው።

ከወዲያ ጠረጴዛ ጭብጨባ ሲሰማ እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት ሁለት ጊዜ ተነሣ። ሁለቴም ተመልሶ ተቀመጠ።