የጀልባው ሆድ

ሊማሊሞን የወጣ መኪና ሁሉ ደባርቅ ሲደርስ አንድ ነገር ተሰብሮበት ነው። ወይ ባሌስትራው ተከፍሏል፣ ወይ ፍሬኑ ግሎ ሸትቷል፣ ወይ ጎኑ ከገደሉ ጋር ተፋቅቋል። እኔም የምበላው ከዚያ ስብራት ነበር። መንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ የተጨራመተ አካል አቃናለሁ፣ ስቱኮ እለስናለሁ፣ እፈገፍጋለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ብዙ ነገር ተጎትቶ ሲመጣ አይቻለሁ። ጀልባ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የምጽዋም መንገድ ገና ክፍት ነው። አንድ ነጋዴ ከወደብ ተጥሎ የቆየ አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ያገኛል። በተሳቢ ላይ አስሮ፣ በጭነት መኪና እየጎተተ ወደ ጣና ሊወስደው ተነሣ። ጎርጎራ ላይ እንግዳ ሊያንሸራሽርበት ነበር ሐሳቡ። የሊማሊሞ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ የተሳቢው አክስል ለሁለት ተሰበረና ጀልባው በሆዱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። በሰኔ ዝናብ፣ በሌላ መኪና ጀርባ ተጭኖ ነው እኛ ጋ የደረሰው።

ታላቅ ወንድሜ ያን ቀን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሁልጊዜም እዚያ ነበር የሚቆመው። የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኖ ወጣትነቱን ምጽዋ ጨርሷል። ከተማዋ በተያዘች ጊዜ ሞቷል ተብሎ መርዶ መጣልን። እናታችን ማቅ ለበሰች፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ ጠላ ጠምቃ ተዝካሩን አወጣች። ከዚያ አንድ ቀን እንደ ጥላ ከስቶ በእግሩ መጣ። ተዝካሩን የበሉ የሰፈር ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ዓይናቸውን ይሰብራሉ፤ እሱ ደግሞ ሆን ብሎ «ጠላው እንዴት ነበር?» ይላቸዋል። ከቀልዱ ሌላ ግን ሥራ አልነበረውም። ባሕር የሚያውቅ ሰው ደባርቅ ላይ ምን ይሠራል?

ነጋዴው የወንድሜን ታሪክ ሲሰማ ፊቱ በራ። «ሆዱን ጠግናችሁ ለመስቀል ካደረሳችሁልኝ፣ ጎርጎራ ላይ ነጂው አንተ ነህ» አለው። «ካልደረሰ ግን ሌላ ባለሞተር ጀልባ ከነነጂው አለልኝ፤ እሱን እይዛለሁ። ይኼንን ለዶሮ ቤት አድርጉት።» ለወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ መስቀል ማለት ያ ብቻ ሆነ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ጠጋኙ እኔ መሆኔ ሳይነገር የታወቀ ነገር ነበር።

ጀልባውን ወደ ግቢያችን አስገባነው። ሆዱን ለመሥራት መገልበጥ ያስፈልግ ነበርና ወንድሜ ጎረቤቱን ለደቦ ጠራ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር እናታችን ባቄላ ቀቅላ፣ ተልባ በጥብጣ ጠበቀች። አጨዳ የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ ጀልባ ሲያዩ የቱን እንደሚይዙ ጠፋቸው። የሰፈራችን ቄስ ጥላቸውን ይዘው እየዞሩ ተመለከቱት።

«ኖኅስ ተራራ ላይ የደረሰው በመጨረሻ ነው» አሉ። «እናንተ ከተራራ ጀመራችሁሳ።»

ተሳቀ። ከዚያ ሁሉም ትከሻውን አስገባና እንደ ጎጆ ጣሪያ በአንድ ጊዜ አነሡት። ሆዱ ወደ ሰማይ ዞሮ በግንዶች ላይ ሲቀመጥ ደስታዬ ጠፋ። ድንጋዩ ከፊት እስከ መሐል ድረስ ሰነጣጥቆታል። ከስንጥቁ ሌላ ደግሞ አሮጌው ቀለም በየቦታው አብጦ፣ ስወጋው ጨው ጨው የሚል ውሃ ያወጣል። ያን ሁሉ እብጠት አፍርጦ፣ ፈግፍጎ፣ አድርቆ፣ በፋይበር ጨርቅና በማጣበቂያ ለብጦ፣ እንደገና ፈግፍጎ መቀባት ነው። በክረምት። በደባርቅ ክረምት።

ከጋራዥ ስመለስ ጀልባው ይጠብቀኛል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ግቢውን ሲሞላ፣ በላስቲክ ሸፍነን ከሥሩ ከሰል እናስገባለን፤ ጠዋት ገልጠን ስንነካው እንደ በግ አፍንጫ እርጥብ ነው። ማጣበቂያው በብርድ አልጠነክርም ይላል። የፋይበሩ አቧራ አንገቴ ሥር ገብቶ ያሳክከኛል፣ ብታጠብም አይለቅም። ጉልበቴ ያመኛል። የብርጭቆ ወረቀቱ ጣቴን ጨረሰው። ደከመኝ፤ እንዲያ ያለ ድካም በኋላም ደክሞኝ አያውቅም። ወንድሜ ሸራውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በወስፌ እየጠቀመ ስለ ባሕር ያወራል። ነፋሱ ከየት ሲመጣ ሸራው እንዴት እንደሚዞር፣ ታጥፎ ወደ ሆዱ የሚገባው የብረት ሰሌዳ ለምን እንደሚጠቅም። እናታችን አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማዋለች። ሲስቅ ትስቃለች፣ ከዚያ ፊቷ ይጠቁርና «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ ልጄ» ትለዋለች።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። እሱ በሄደባቸው ዓመታት ሁሉ የቀረሁት እኔ ነኝ። እናቴ ማቅ ለብሳ ስትተኛ ውሃ ያቀበልኳት፣ ጣሪያዋን የጠገንኩት፣ ለተዝካሩ እንጨት የፈለጥኩት እኔ ነኝ። ከሞት የተመለሰ ወንድም ተገኝቶ እንዲህ ማሰብ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እየፈገፈግሁ አስበው ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ ሆዱ ጠገገ። ስንጥቁ ተለበጠ፣ በእጄ ስዳስሰው ለስላሳ ሆነ። ቀለም ብቻ ቀረ። የደባርቅ ሱቆች የነበራቸው አንዳንድ ጣሳ ስለሆነ፣ ወንድሜና እኔ ዳባት ወረድን፤ የተሳቢውን አክስልም እዚያ ለማውቀው በያጅ ወሰድን። የቤተ ክርስቲያን አጥር ከተቀባበት የተረፈ አረንጓዴ የዘይት ቀለም አገኘን። ወንድሜ የጀልባ ሆድ ቀይ መሆን አለበት ብሎ ትንሽ አጉረመረመ። በዝናብ ምክንያት መኪና አጥተን ዳባት አድረን ተመለስን።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ዕድል ነው ብዬ ቶሎ ብሩሼን ነከርኩ። ሆዱ ትንሽ ያብለጨልጫል፤ የጉም ርጥበት መስሎኝ በጨርቅ ወለወልኩትና ጀመርኩ። ቀለሙ አልያዝ አለ። ስቀባው ይሰበሰባል፣ እንደ ዓይን እየተከፈተ ይሸሻል፣ ከሥሩ ያው ነጩ ይታያል። ደግሜ ቀባሁ፤ ደግሞ ሸሸ። ዝቅ ብዬ አሸተትኩት። የማውቀው ሽታ ነበር፣ የጎመን ዘር።

እናቴ ጓሮ ነበረች። ጠራኋት።

«እማዬ፣ ይኼን ጀልባ ምን አድርገሽዋል?»

«አሟሸሁት» አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

«ጀልባ ይሟሻል እንዴ?»

«ያልተሟሸ ሸክላ ውሃ ይሰርግበት የለ? ይኼም ውሃ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ፈግፍጋችሁ ፈግፍጋችሁ፣ አራቁታችሁት ብትሄዱ አዘንኩለት። ጎመን ዘሩን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ሁለቱንም ቀን ሳሸው ዋልኩ።»

እዚያው ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። የጎመን ዘር ዘይት በፈገፈግሁት ጭረት ሁሉ ውስጥ ገብቷል። ያን ሁሉ እንደገና አጥቦ እንደገና መፈግፈግ ነው። መስቀል ደርሷል። ልጮህ ፈልጌ ነበር፣ ግን ለመጮህ የሚሆን አቅም አልነበረኝም። ወንድሜ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ወደ እሷ ዞሮ አያት። የሚያስበውን እኔም አስቤው ነበር።

«እንድቀርልሽ ብለሽ ነው አይደል?» አላት። «እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።»

እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠረገች። «ቀርተህ ምን ትሆናለህ? ያው ጋራዥ በር ላይ መቆም ነው» አለችው። «ሂድ። እኔ ለአንተ አንድ ጊዜ አልቅሻለሁ፣ ተዝካርህንም አብልቻለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ የሚሆን እንባ የለኝም። ያሸሁትም ለዚህ ነው፤ ውሃ እንዳይገባብህ።»

ወንድሜ ሄዶ ራሷን ሳማት። እኔ ብሩሹ በእጄ ላይ እየደረቀ ቆምኩ። ስለ እኔ ማንም አንድ ቃል አልተናገረም፤ የሚነገር ነገርም አልነበረም፣ ሥራው የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ቲነር አልቆ ነበር። እናቴ ውሃ አፈላች፣ በአመድና በሳሙና በጠበጥነው። ወንድሜ ወስፌውን ጣለና አብሮኝ ተንበረከከ። በዚያ በሚፋጅ ውሃ አጥበን፣ አለቅልቀን፣ ሲደርቅ እንፈገፍጋለን፣ እናሸታለን፣ ገና ይሸታል፣ ደግመን እናጥባለን። አመዱ የእጄን ቆዳ በላው። ጣቶቼ መገጣጠሚያቸው ላይ ተሰነጣጥቀው ብሩሽ ስይዝ ይደማሉ። እናቴ ጥፋት ያጠፋች መስሏት ከሩቅ ቆማ ታየናለች፤ ወንድሜ እያሾፈ «አይዞሽ፣ ቢሰምጥ እንኳ በወግ የተሟሸ ነው» ይላታል። ቀለሙ የያዘው አደይ አበባ ግቢው ጫፍ ላይ ብቅ ካለ በኋላ ነው። ሁለት እጅ ቀባነው። አረንጓዴ ሆድ ይዞ ተገልብጦ ሲደርቅ፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው አዲስ ጎተራ ይመስለው ነበር።

የጭነት መኪናው ለመስቀል ዋዜማ መጣ። የደቦው ሰዎች ተመልሰው መጥተው ገለበጡልን፣ በተሳቢው ላይ አሰርነው። ቄሱ ባረኩት። ወንድሜ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ እጁን አወጣ። ያን ቀን ፊቱ ከምጽዋ በፊት የማውቀው ፊት ነበር፣ ለዚያስ ደስ አለኝ። በኋላ ከጎርጎራ የመጣ ሰው ሁሉ ጀልባው እየሄደ እንደሆነ ይነግረን ነበር፤ እናቴ ደግሞ ሁሉንም «ውሃ አያስገባም?» እያለች ትጠይቃለች። አያስገባም ይሏታል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

መኪናው በዳባት መንገድ ሲታጠፍ እናቴ አላለቀሰችም። ሰዉ ወደ ደመራው ሄደ። እኔ ግንዶቹን ልሰበስብ ቀረሁ። ጀልባው ቆሞበት የነበረው ቦታ ሣሩ ቢጫ ሆኗል። አንዱን ግንድ አንሥቼ ሁለተኛውን ማንሣት አቃተኝ፤ እላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ ከቤት ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በእጇ ቅል ይዛለች።

«አንተስ፣ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«የት እሄዳለሁ፣ እማዬ?»

ጣቶቼን አየች። «ደክሞሃል» አለች። ያን ክረምት ሁሉ ይህችን ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወደ መንገዱ ዞርኩ። እሷ ግን እጄን ስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከቅሉ የተረፈውን የጎመን ዘር በጣቷ አወጣችና በተሰነጣጠቀው ቆዳዬ ላይ እያንዳንዱን ስንጥቅ እየፈለገች ታሸው ጀመር፣ ቀስ ብላ፣ አዲስ ምጣድ እንደምታሟሽ።

«ይኸኛውስ ዘይት ይጠጣል» አለች።

ያቃጥል ነበር። እስክትጨርስ ድረስ እጄን አልሰበሰብኩም።