ሰከንድና የቲቸር ዓሦች

ስልኩ ሲጠራ አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። የደወለው ከወንድሜ የሰዓት መጠገኛ ጎን የሚሠራው ጫማ ሰፊ ነው።

«እትዬ፣ ጋሼ ሰከንድ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንቀላፉ» አለኝ።

«ታዲያ ቀስቅሳቸዋ።»

«ሞክረናል እትዬ። ሐኪምም መጥቶ አይቷቸዋል።»

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀልኩ። አንሶላውን አጥፌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሠላሳ አራት ዓመት ሰዓት ጠገነ። ከቀጠሮ አንድ ደቂቃ የዘገየ ሰው ሲያይ ፊቱ ስለሚጠቁር ሰፈሩ «ሰከንድ» አለው፤ እሱም ወደደው። ትዳር አልያዘም። በጓሮው፣ ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ፣ ጥቂት ዓሣ ያረባ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ ሕይወቱ ብዙ የሚወራ የለም። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ መጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው፤ ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ ደስ ሲለው አላየሁም።

ሁለታችንንም ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩን ቲቸር ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ማክሰኞ የጓሮ ኩሬያቸውን በአፈር ሊያስደፍኑ መሆኑን ነገሩን። ከአሥራ አንድ ዓሦቻቸው ሦስቱ ሞተዋል። የቀሩት ስምንቱ ሰውነታቸውን በድንጋይ ያሻሉ፣ ከውኃው ይዘላሉ። ቲቸር መጀመሪያ ጨው ጨመሩ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ መድኃኒት፣ ከዚያ ደግሞ ቢጫ።

«ሲሠቃዩ ከማይ ይብቃኝ። ቅዳሜ አፈር የሚያመጣ ሰው ቀጥሬያለሁ» አሉ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ጠዋት ተነሥተው የሚያነጋግሩት እነዚያን ዓሦች ብቻ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እስከ ቅዳሜ ለእኔ ይስጡኝ» አለ ወንድሜ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?»

«እርስዎ ብቻ መድኃኒቱን ያቁሙልኝ ቲቸር። ሰዓታቸው ሲቆም የምግብ ዘይት የሚያፈሱበት ደንበኞች አሉኝ፤ እርስዎም ከእነሱ አልተሻሉም።»

ረቡዕ ገና ጎሕ ሲቀድ በርጩማ ይዞ ኩሬው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ዓሦቹ የሚተነፍሱበት ስንጥብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት በሰዓት ቆጠረ፣ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ቆጠረ። ልዩነት የለውም።

«አየር አላጠራቸውም» አለኝ እጆቹን እያፋተገ። «አየር ያጠረው ኩሬ ንጋት ላይ ይብስበታል። ይኼኛው ቀኑን ሙሉ ያው ነው።» አንድ ጥርጣሬ ስለተሰረዘ ብቻ ማታ እራት ላይ ያፏጭ ነበር። ሐሙስ ውኃውን አሸተተ፣ ፓምፑን ፈታቶ ገጠመ፤ እዚያም ምንም የለም።

ዓርብ ቀትር ላይ ደወለልኝ። «ነይ። የያዝሽውን ጥለሽ ነይ።»

ስደርስ ትልቁ ነጭ ዓሣ በረጠበ ፎጣ ተጠቅልሏል። ቲቸር እንደ አራስ ልጅ አቅፈውታል። ወንድሜ ለሰዓት ሥራ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ አውልቆ ሰጠኝ።

«ከክንፉ ሥር ያለችውን ቅርፊት እያት።»

አየኋት። ክብ ናት፣ እንደ መስታወት የጠራች። «ምን ሆነች?»

«ቆይ፣ ዝም ብለሽ እያት።»

ቅርፊቷ ተራመደች። ሁለት ጥቁር ነጥብ የመሰሉ ዓይኖች አሏት። ማጉያው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«የዓሣ ቅማል ነው» አለ ወንድሜ። «እየመጠጣቸው ነው። ቅርፊት ስለሚመስል ነው ያላየነው።»

«እኔ ቤት ቅማል?» አሉ ቲቸር።

«ከአዲሱ የውኃ ተክል ጋር መጥቶ ይሆናል። የእርስዎን ፀጉር አላልኩም።»

ቲቸር ሳቁ፤ ዓሣውም አብሮ ተነቃነቀ። ወንድሜ ለጥቃቅን ብሎን በሚጠቀምበት ወረንጦ ከዚያ ከአንዱ ዓሣ ብቻ አሥራ አራት ለቀመ። እያንዳንዱን ሲነቅል «መጣህ» ይል ነበር።

ለውኃው የሚጨመረውን ትክክለኛ መድኃኒት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት አመጣን። ኩሬው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ሲጠይቃቸው ቲቸር «ሦስት ሺህ፤ ግንበኛው ራሱ ለክቶ ነው የነገረኝ» አሉ። ወንድሜ አላመነም። በገመድና በእንጨት ለካ፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ። ግንበኛው ጥልቀቱን አንድ ሜትር ያለው እስከ ጠርዙ ለክቶ ነው። ውኃው ግን ስድሳ ሳንቲም ብቻ ነው።

«አንድ ሺህ ስምንት መቶ» አለ።

«አንተ ማባዛት መቼ ትችል ነበር? ወዲህ በል ወረቀቱን።» ቲቸር ሁለት ጊዜ አሰሉት። መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ሺህ ስምንት መቶ» አሉ ቀስ ብለው። በሦስት ሺህ ሊትር ልክ ቢጨመር ኖሮ ስምንቱንም የሚጨርሳቸው መድኃኒቱ ነበር።

ቅዳሜ አፈር ጭኖ የመጣውን ሰው ቲቸር አበባው ሥር አራግፎ እንዲሄድ አደረጉት። የመጀመሪያው መድኃኒት ገባ። ሰኞ ዕለት በድንጋይ የሚታከክ ዓሣ አልነበረም። ወንድሜ ሱቁን ዘግቶ እኔ ቤት ድረስ እየሮጠ መጣ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ በሥራ ሰዓት። «ዓሦቹ በሉ! ከቲቸር እጅ በሉ!» አለኝ ደረጃው ላይ ቆሞ እያለከለከ። ውኃ ሰጠሁት።

ግን መድኃኒቱ የቅማሉን ዕንቁላል አይገድልም። ዕንቁላሉ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይቆይና ይፈለፈላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በየአሥር ቀኑ ሦስት ጊዜ መጨመር፣ ድንጋዩም መፋቅ ነበረበት። ሁለተኛውን በቀኑ ጨመረ። ከሥራ ሲወጣ እጅጌውን ሰብስቦ በበሩ በኩል ያሉትን ድንጋዮች በአሮጌ ቢላ አንድ በአንድ ፋቀ።

ከዚያ በሳምንቱ ጫማ ሰፊው ደወለልኝ።

ትናንት ቀበርነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቲቸር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስምንቱም ጠዋት በደንብ እንደበሉ ነገሩኝ። «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መድኃኒቱን አንቺ ትለኪልኛለሽ?» አሉ። ልኩ በወንድሜ ደብተር ላይ ተጽፏል። እለካዋለሁ አልኳቸው።

ሦስተኛው ነገ ጠዋት መግባት አለበት። በግንቡ በኩል ያሉት ድንጋዮች ገና አልተፋቁም።