ፍራሹ የተባልኩበት ሙያ

ጂም የገባሁት ልፋለም ብዬ አይደለም፤ ዕቃ ላደርስ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በታላቅ እህቴ ሶፋ ቤት ውስጥ ስፖንጅ ስቆርጥ፣ ጨርቅ ስወጥር፣ ስቴፕለር ስተኩስ እውላለሁ። ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በመካከላችን ያለው አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እሷ ግን ሠላሳ እንዳለ አድርጋ ነው የምትቆጣኝ። ያን ቀን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ ጂም ለመለማመጃ ፍራሾቹ አዲስ የሌዘር ልብስ አሠርቶ ስለነበር፣ ስምንቱንም በጋሪ እየገፋሁ ወሰድኩለት።

ፍራሾቹን ዘርግቼ ስጨርስ አሰልጣኙ መጣ። አጭር ሰውዬ ነው፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ ከብዙ ዓመት ትግል የተነሳ ተጨማደው እንደ ደረቀ ፍሬ ሆነዋል። አንገቴን ትክ ብሎ አየው።

"ይሄ አንገት የማን ነው?" አለኝ።

"የኔ ነው" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

"ሰው አንቆህ ያውቃል?"

"እህቴ በነገር ታንቀኛለች እንጂ በእጅስ ማንም አንቆኝ አያውቅ።"

ሳቀና አንድ መነጽራም ቀጭን ሰው ጠራ። ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የሚያድል ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ በጥንቃቄ መስኮቱ ላይ ሲያስቀምጥ አይቼ አሳዘነኝ። እኔ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ብቻዬን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ የምወጣ ሰው ነኝ። እንዳይጎዳብኝ ቀስ ብዬ ልያዘው እያልኩ ሳስብ ከኋላዬ ዞሮ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው። በገዛ እጄ ያለበስኩት ፍራሽ ላይ በጀርባዬ ተዘርሬያለሁ፤ መድኃኒት አዳዩ አጎንብሶ ያየኛል።

"ሰላም ነህ ወንድሜ? ሲጠብቅብህ እኮ በመዳፍህ መታ መታ ማድረግ ነበረብህ። እጅ ሰጠሁ ማለት ነው፤ ያኔ እለቅሃለሁ።"

ጤነኛ ሰው ቢሆን ጋሪውን ይዞ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ "እስቲ ድገመው" አልኩት።

ሶፋ ቤት ስመለስ እህቴ መቀሷን እንደያዘች በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ስምንት ፍራሽ ለማድረስ ሦስት ሰዓት?"

"እንቅልፍ ወስዶኝ ነው" አልኳት። አልዋሸሁም።

እንዲህ ጀመርኩት። ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ ትግሉም፣ ማነቁም በአንድ ላይ የሚፈቀድበት ቅይጥ ፍልሚያ ነው፤ የሚካሄደውም በሽቦ በታጠረ መድረክ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየሄድኩ ሠለጠንኩ። ቡጢዬ ቀርፋፋ፣ እርግጫዬ ዝቅተኛ ሆኖ ቀረ። አንድ ነገር ብቻ ለመድኩ፦ ከታች ሆኖ የሰው አንገት መያዝ። ሁልጊዜ ከታች የምገኘው እኔ ስለሆንኩ ነው። ሥራዬንም ያውቁ ስለነበር የጂሙ ሰዎች "ፍራሹ" አሉኝ። በመጀመሪያው ፍልሚያዬ አስተዋዋቂው ይህንኑ ስም በማይክሮፎን ሲጮኸው ግን፣ ፍራሽ ማለት የሆነ የሚናከስ አውሬ ይመስል ነበር።

ያን ፍልሚያ በአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ አሸነፍኩ። ተጋጣሚዬ ሊረግጠኝ እግሩን ሲያነሳ የቆመበት እግር አዳልጦት በጀርባው ወደቀ። እኔም ደንግጬ ላዩ ላይ ወደቅኩ። ጉልበቱ ዞሮ ስለነበር ዳኛው አስቆመው። አንድ ወር ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ደንበኛ ሲመጣ ስለ ስፖንጅ ጥራት ጠይቆኝ ስለ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ሰምቶ ይሄዳል።

እህቴ ቪዲዮውን አንድ ጊዜ አየችና ስልኩን መለሰችልኝ። "እሱ ወደቀ፤ አንተም ወደቅክ። ሁለታችሁም ወድቃችኋል" አለችኝ።

ቀጥሎ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፍኩ። በአንዱ ጉበቴ ላይ ተረገጥኩ፤ ጉበት የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ። በሌላው ደግሞ ሦስቱንም ዙር ጨርሼ፣ አሸንፌያለሁ ብዬ፣ ውጤት ሲነበብ የገዛ እጄን ራሴ ከፍ አደረግኩ። ዳኛው ይዞ ያነሳው የሌላውን ሰው እጅ ነበር። ያን ቀን የተነሳው ፎቶ እስካሁን ጂሙ ግድግዳ ላይ አለ፤ ሁለት ሰዎች እጃቸውን አንስተው አንዱ ብቻ ሲስቅ።

ብዙ ተሸንፎ የማይቀር ሰው ተፈላጊ ነው፤ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የውድድሩ አዘጋጅ ደውሎ "እንዴት ነህ፣ ጤና ነህ?" ካለኝ፣ የአንዱ ጉልበት ወይም ጣት ተሰብሯል ማለት ነው። ጤና ነኝ እለዋለሁ። "እንግዲያው ቅዳሜ" ይላል። ቅዳሜ ለመድረስ ደግሞ ኪሎ መቀነስ አለ። አንዴ በአምስት ቀን ሰባት ኪሎ ማውረድ ነበረብኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በላስቲክ ተጠቅልዬ፣ የሞቀ ውሃ ውስጥ ስቀቀል፣ እህቴ በሩ ውጪ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አለህ?" ትላለች በየሁለት ደቂቃው።

"አለሁ።"

"አለህ?"

"አለሁ አልኩሽ እኮ እትዬ!"

በመጨረሻ ተናድጄ ዝም አልኩ። ወዲያው የሶፋ መዶሻዋን አንስታ የበሩን ቁልፍ ገነጠለችው። እኔ በላስቲክ ተጠቅልዬ እንደ አዲስ ሶፋ ተቀምጫለሁ፤ እሷ መዶሻ ይዛ ቆማለች። "ፎጣህን ልበስ" ብላኝ ወጣች።

ታዲያ ለምን አላቆምክም ይሉኛል። እውነቱን ልናገር። ሶፋ ቤት ውስጥ የእህቴ ወንድም ነኝ፤ ሰው ሲመጣ "እህትህ የለችም?" ነው የሚለኝ። ሽቦው ሲዘጋ ግን የሚፈለገው እኔ ነኝ። የሚፈለገው ሊደበደብ ቢሆንም።

በሠላሳ አራት ዓመቴ አራት አሸንፌ አሥራ አንድ ተሸንፌ ነበር። ያኔ አዘጋጁ ደወለና ከ"ኮከቡ" ጋር ልትፋለም ነው አለኝ። ኮከቡ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው፤ ዘጠኝ ተፋልሞ አንድም አልተሸነፈም። ከአገር ውጪ ትልቅ ውድድር ይጠብቀዋል፤ ከዚያ በፊት ሰውነቱን የሚያፍታታበት ሰው ተፈለገ። የሚያፍታታው እኔ ነኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እህቴ ልምጣ አለች። ከዚያ በፊት "ወንድሜ ሲደበደብ ትኬት ቆርጬ አላይም" ነበር የምትለው። ምን እንደነካት አላውቅም፤ ከአጥሩ አጠገብ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

የመጀመሪያውን ዙር መተረክ አያስፈልግም፤ ተደበደብኩ። በሁለተኛው ዙር አንስቶ መሬት ላይ ጣለኝና አጥሩ ሥር ከላዬ ሆነ። እዚያ ደግሞ አገሬ ነው። ሊመታኝ ጎንበስ ሲል አንገቱን ክንዴ ሥር አገኘሁት። ቆለፍኩ። እግሬን ወገቡ ላይ አጣምሬ ባለኝ ኃይል ሁሉ ሳብኩ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ ቆጠርኩ። ከዚያ በአጥሩ በኩል ባለው ጎኔ ላይ መዳፉ ሦስት ጊዜ መታ መታ ሲያደርግ ተሰማኝ።

ለቀቅኩት።

አስቤ አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሰው ሲነካኝ ለቅቄያለሁ፤ እጄ ከጭንቅላቴ ቀደመ። ብድግ ብዬ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ዳኛው ግን በወዲያኛው በኩል ስለነበር ምንም አላየም። "ቀጥሉ!" አለ። ኮከቡ ለአንድ አፍታ ግራ ገብቶት ቆመ። ከዚያ መታኝ። እጆቼ ገና ከላይ ነበሩ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። "ዳኛው ሳይነካህ አትልቀቅ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩህ? ስንት ጊዜ?" እህቴ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ለምን ለቀቅኸው?"

"መታ መታ አደረገ።"

"ዳኛው አቁም አለህ?"

"አላለኝም።"

"ታዲያ አንተን ማን ዳኛ አደረገህ?"

በረዶውን ከአሰልጣኙ እጅ ተቀብላ አገጬ ላይ ያዘችልኝ። ቆይታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አይቻለሁ" አለች። "በኔ በኩል ነበር። እጁን አይቼ ጮህኩ። ማን ይስማኝ?" ድምፅዋ መዘጋቱን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። አንጀቴን በላችው።

በሳምንቱ ኮከቡ ሶፋ ቤት መጣ። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ አውርዷል፤ ትከሻው ግን በሩን ሞልቶታል።

"ወንድምዎን ፈልጌ ነበር" አላት።

እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችው። "ተቀመጥ" ብላ የጠቆመችው ገና ስፖንጅ ያልገባለት፣ ሽቦው የገጠጠ ሶፋ ላይ ነው። ሽቦው ላይ ተቀመጠ።

"ያን ቀን እጅ ሰጥቻለሁ" አለኝ። "ስትለቀኝ ዳኛው ያስቆመው መስሎኝ ነበር። ቀጥሉ ሲል እጄ ቀደመኝ።"

"የኔም እጅ ነው የቀደመኝ" አልኩት።

"ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።"

"ኧረ ተወው ባክህ፣ ያለፈ ነገር ነው" አልኩት። በሆዴ ግን ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ፣ ከዚህ እንደወጣህ ተናገር እያልኩ ነበር። እህቴ መቀስ ከሚጮህበት ጥግ ሆና፣ "እሱ ይተወው፤ አንተ ግን ተናገር" አለችው።

በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም ላይ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሁለት ሳምንት ታዋቂ ሆንኩ። የታክሲ ሾፌር መስኮት ዝቅ አድርጎ "ፍራሹ፣ በደሉህ!" ይለኛል። ሶፋ ሊያሠሩ የመጡ ባልና ሚስት መሃላቸው አቁመውኝ ፎቶ ተነሱ። ፌዴሬሽኑ ውጤቱ አይለወጥም ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ይህም ይበልጥ ተበዳይ አደረገኝና ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቀጥሎ ድጋሚ ፍልሚያ ታወጀ።

ያን ቀን እህቴ ሶፋ ቤቱን ዘግታ መጣች። አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ስገባ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "ፍራሹ! ፍራሹ!" ይላል። ኮከቡ ሳይቀር አጨብጭቦልኛል። እውነት ከኔ ጋር ናት፣ ሕዝቡም ከኔ ጋር ነው፣ ምን ቀረ አልኩ በልቤ። የቀረው ኮከቡ ነበር። ጭኔን በእርግጫ ነካ አደረገኝ። ወደ ጭኔ አየሁ። ሁለተኛው እርግጫ ጆሮዬ ላይ አረፈ። አርባ አንድ ሰከንድ።

ስነቃ አጠገቤ ተንበርክኮ፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላል።

"የምን ይቅርታ! ይሄኛው የራስህ ነው" አልኩት። የጥርስ መከላከያዬ አፌ ውስጥ ስለነበር አንድ ቃል አልገባውም፤ ደንግጦ ሐኪም ጠራ። ሳቄ መጣ። ሐኪሙ የምስቀው ጭንቅላቴ ተነክቶ መስሎት በብርሃን ዓይኔን ሲመረምር ይበልጥ አሳቀኝ። ለካ ዕድሜ ልኬን "ተበደልኩ" እያልኩ ልኖርበት ያዘጋጀሁትን ወሬ ሰውዬው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወስዶብኛል። ደስ ይበለኝ ይከፋኝ አላወቅኩም፤ ትከሻዬ ግን ቀለለኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ መኪናውን የምትነዳው እህቴ ነበረች።

"ያን ጊዜ ብታሸንፍ ኖሮ እስከ ሃምሳ ዓመትህ አታቆምም ነበር" አለችኝ።

"አሁንስ ያቆማል ያለሽ ማን ነው?"

"እኔ።"

አቆምኩ።

አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ሶፋ እሠራለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ጂም ውስጥ ጀማሪዎችን አሠለጥናለሁ። ኮከቡ ውጭ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ ሲሸነፍ ይደውልልኛል፤ በዚህ ጉዳይ ከኔ የተሻለ አማካሪ የት ያገኛል? ከጀማሪዎቼ አንዷ የጥርስ ሐኪም ናት። ባለፈው ወር ጓንቷን እያጠለቀች፣ "ኮች፣ ስንት ፍልሚያ አሸንፈሃል?" አለችኝ።

"አራት።"

"ከስንት?"

"ገመድሽን አንሺና ሦስት ደቂቃ ዝለዪ" አልኳት።

ዘለለች። በማግስቱ ለክሊኒኳ የእንግዳ ወንበር ልታሠራ ሶፋ ቤት መጣች፤ እህቴም ቁጥሩን ከነዝርዝሩ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ጨምራ አጫወተቻት። ሐኪሟ እስካሁን አንድም የልምምድ ቀን አልቀረችም።